የቢስክሌት ሰንሰለት በስንት ጊዜ ዘይት ይጠጣል?

በጥር ወር መጨረሻ አንድ እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቢስክሌቶቻችንን ይዘን ከናዝሬት ወጣን። ናዝሬት ማለታችንን አንባቢ ይታገሠን፤ ከተማው አዳማ የሚለውን የቀድሞ ስሙን መልሶ ከያዘ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ ዳሩ ግን አፍ የለመደውን ቶሎ አይጥልም። አሳባችን እስከ ሶደሬ ሄደን በፍል ውሃው ታጥበን፥ ምሳችንን በአዋሽ ዳር ከዛፍ ጥላ ሥር በልተን፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመመለስ ነበር። መንገዱ መሄጃው ብቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ለጤነኛ ሰውና ለጤነኛ ቢስክሌት ብዙ አይደለም። ከሁለቱ አንዱ ሲታመም ግን መንገዱ ይረዝማል።

ጉዞው የሦስት ሰው ነበር፤ እኛ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት በቅርቡ የተቀጠረ ወጣት ሹም፥ እንዲሁም የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ጎረቤቱ። ተማሪው ቤቱ በወንጂ መንገድ ከከተማ ወጣ ብሎ ስለ ሆነ በየቀኑ 7 ኪሎ ሜትር ሄዶ 7 ኪሎ ሜትር ይመለሳል። ቢስክሌቱ የታላቅ ወንድሙ ነው። በማግሥቱ ሰኞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል የሒሳብ ፈተና ነበረበት፤ «ዛሬ አእምሮዬን ላሳርፈው» ብሎ ነው የተከተለን። ይህንን አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

የወጣቱ ሹም ቢስክሌት ከሩቅ ሲያዩት ያብረቀርቃል። ዋዜማውን ከአንድ ጋራዥ ከመኪና ሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት በጣሳ ለምኖ አምጥቶ በሰንሰለቱ ላይ እንደ ወጥ አፍስሶበታል። ዘይቱ በመንኰራኩሩ ሽቦዎች ላይ ተረጭቶ፥ በአስፋልቱም ላይ ጠብ ጠብ እያለ፥ ሰውየው ከቤቱ ተነሥቶ እኛ እስከ ቆምንበት ድረስ በየት በየት እንደ መጣ ያሳይ ነበር። «ዘይት እንደ ሆነ ጠግቧል» አለን በኩራት። የተማሪው ሰንሰለት ግን የሸክላ መልክ ይዟል። ፔዳሉን በመታ ቁጥር እናቷን እንዳጣች ጫጩት ይጮኻል።

«ይህ ሰንሰለት ዘይት ያየው መቼ ነው?» ብለን ጠየቅነው።

«ወንድሜ ሲሰጠኝ ተቀብቶ ነበር፥ ጋሼ።»

«ወንድምህስ መቼ ሰጠህ?»

«ትምህርት ቤት ሲከፈት።»

ከመስከረም እስከ ጥር ማለት ነው። በቀን 14፥ በሳምንት 70 ኪሎ ሜትር ብንለው፥ ያ ሰንሰለት ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ ሮጧል። ነገሩ ገርሞን አለፍን እንጂ ቆመን አንድ ነገር አላደረግንም። ጥፋቱ የሁላችንም ነው፤ ከዕድሜያችን የተነሣ ግን የእኛ ይበልጣል።

እስከ አዋሽ መልካሳ ድረስ ያለው መንገድ ለቢስክሌት ደስ ያሰኛል። ከመንገዱ ዳር ያለው አፈር ግን ሌላ ነገር ነው። አገሩ የስምጥ ሸለቆ አገር ስለ ሆነ አፈሩ ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ አመድና ያ ሲያነሡት የሚቀለው፥ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ድንጋይ የተፈጨበት ነው። በዓይን ሲታይ እንደ ዱቄት የለሰለሰ ይመስላል፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ግን የመስተዋት ስባሪ ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም። የበጋው ነፋስ ሲነሣ፥ ወይም አንድ ከባድ መኪና ከአስፋልቱ ጫፍ ወርዶ ሲያልፍ፥ ይህ ዱቄት ተነሥቶ በፊት፥ በልብስና በሰንሰለት ላይ ያርፋል። ከፊትና ከልብስ በውሃ ይለቃል። በዘይት በራሰ ሰንሰለት ላይ ያረፈው ግን እንግድነቱን ረስቶ ቤተኛ ይሆናል።

ሶደሬ ስንደርስ የወጣቱ ሹም ሰንሰለት ጥቁር ሊጥ ተለውሶበት፥ የቀኝ ሱሪው እግርም እስከ ጉልበቱ ድረስ ተበላሽቶ ነበር። ሱሪው ለእሑድ የተለበሰ ነጣ ያለ ሱሪ ነው፤ ከዚህ በላይ አንናገርም። ስለ ሶደሬ ስለራሱ ብዙ መጻፍ አያስፈልገንም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ውሃው ሙቅ ነው፤ ዝንጀሮና ጦጣው የሰው ምሳ የራሱ ርስት ይመስለዋል፤ በአዋሽ ውስጥ አዞ ስላለ ወደ ወንዙ የሚጠጋ ሰው እግሩን ይቈጥራል። እኛም ከዋና ወጥተን ቢስክሌታችን አቧራ ለብሶ ብናየው ጊዜ አዘንንለትና በባልዲ ውሃ ከላይ እስከ ታች አጠብነው። ካጠብነውም በኋላ ሳናደርቀው በፀሐይ አቆምነው። የዚህን ሥራ ዋጋ በሦስተኛው ቀን አገኘነው፤ ሰንሰለቱ በአንድ በኩል እንደ በርበሬ ቀላ።

ወደ ናዝሬት የሚመለሰው መንገድ ወደ ላይ ይወጣል። ሲሄዱ ያልታሰበው ቁልቁለት ሲመለሱ ዳገት ሆኖ ይጠብቃል። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ተማሪው ከኮርቻው ተነሥቶ በቁሙ ፔዳሉን እየረገጠ ሳለ አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማን፤ ቀጥሎም ሰንሰለቱ እንደ ሞተ እባብ በአስፋልቱ ላይ ተዘረጋ። ልጁም ባዶ የቀረውን ፔዳል ረግጦ በጉልበቱ ወደቀ። እግዚአብሔር ይመስገን ጉልበቱ ተፋቀ እንጂ ሌላ አልደረሰበትም። ሰንሰለቱን የምታገናኘው ማያያዣ ላይ የምትደረገው ትንሽ ቁልፍ ዝጋ በልቷት ኖሮ ተሰብራ ወድቃለች። ከጥፍር የማትበልጠውን ብረት በዚያ አቧራ ውስጥ ሦስት ሰው ተንበርክኮ ፈለገ። ወጣቱ ሹም ሱሪው አንዴ ተበላሽቷልና ከሁላችን ይልቅ በድፍረት ተንበረከከ። አላገኘናትም።

ብንገፋ፥ ብንቀመጥ፥ እጅ ብናነሣ፥ በመጨረሻ ሽንኵርት የጫነ አንድ አይሱዙ ቆመልን። ሾፌሩ ከልጁ ጉልበት ደሙን አይቶ ነው የቆመው። ቢስክሌቱን በሽንኵርቱ ጆንያ ላይ ጭነን፥ ልጁን ከሾፌሩ ጎን አስቀምጠን ላክነው። እኛ ስንደርስ ጨልሞ ነበር። እሑድ ማታ የቢስክሌት ሠራተኛ ከወዴት ይገኛል? ተማሪው ሰኞ ሌሊት ተነሥቶ በተፋቀው ጉልበቱ 7 ኪሎ ሜትሩን በእግሩ ሄደ። የደረሰው ፈተናው ከተጀመረ ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው። ፈታኙ ደግ ሰው ሆነው አስገቡት፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ግን ሳይሠራቸው ደወል ተደወለ። «አንደኛውን አውቀው ነበር፥ ጋሼ» አለን፤ ሌላ ነገር አልተናገረም። ይህንን ጽሑፍ ለመጻፍ ያስነሣን ይህ ቃሉ ነው።

በማግሥቱ ሰንሰለቱን በጋዜጣ ጠቅልለን ከልጁ ጋራ በገበያው አጠገብ ከአንድ ዛፍ ሥር ቢስክሌት ወደሚጠግኑ ሽማግሌ ሄድን። ሽማግሌው ሰንሰለቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጎን ቢያጥፉት እንደ ቀስት ጎበጠ። ጤነኛ ሰንሰለት ወደ ጎን እንደዚህ አይጎብጥም።

«ይህ ሰንሰለት አልቋል፥ ልጄ። ቁልፍ ብገባለት ነገ ሌላ ቦታ ይበጠሳል» አሉት።

«ጋሼ፥ ለመሆኑ በስንት ጊዜ ነው ዘይት የሚቀባው?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ሲጠማው።»

«እንደ ጠማውስ በምን ይታወቃል?»

«ይናገራል። እናንተ አትሰሙም እንጂ እሱ ይናገራል።»

ይህ መልስ እውነት ነው። ግን ለእሳቸው ነው እውነት የሚሆነው፤ ጆሯቸው ዕድሜ ልክ በዚህ ሥራ ተስሏልና። ለተማሪና ለጸሐፊ ከዚህ ጠበቅ ያለ መልስ ያስፈልጋል ብለን ስለ ገመትን፥ እሳቸው ያሳዩንን በመጽሐፍ ከምናውቀው ጋራ አስማምተን እናቀርባለን።

በመሠረቱ ሰንሰለት ምንድን ነው? ብዙ ሰው ካቴና እያለ የሚጠራው ይህ ነገር አንድ ብረት ይመስላል እንጂ ከአምስት መቶ የሚበልጡ ትንንሽ ብረቶች ማኅበር ነው። ዛሬ የምንጠቀምበትን ዐይነት እ.ኤ.አ. በ1880 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ የሠራው ሃንስ ሬኖልድ የተባለ የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሁለቱም መንኰራኵሮች በመጠን የተቀራረቡትን፥ ሰንሰለቱም የኋላውን የሚያዞረውን ቢስክሌት አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ መልኩ ብዙም አልተለወጠም። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ አንዲት ቀጭን ፒን አለች፤ ፒኒቱ በአንዲት አጭር ቱቦ ውስጥ ትገባለች፤ በቱቦዋ ላይ ደግሞ የመዘውሩን ጥርስ የሚነካው ቀለበት ይዞራል። ከአንዱ ፒን መካከል እስከ ሚቀጥለው ፒን መካከል ያለው ርቀት በየትም አገር 12.7 ሚሊ ሜትር፥ ማለት ግማሽ ኢንች ነው። ባለ አንድ ፍጥነት የሆነው ተራ ቢስክሌት 112 ያህል እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ አለው።

አሁን ሒሳብ የሚወድ ተማሪ እርሳሱን ያንሣ። የፊቱ መዘውር 44 ጥርስ፥ የኋላው 18 ጥርስ ቢሆን፥ የጎማው ዙሪያም 2.2 ሜትር ቢሆን፥ አንድ የፔዳል ዙር ቢስክሌቱን 5.4 ሜትር ያህል ይወስደዋል። ከናዝሬት ሶደሬ ፔዳል ሳይቋረጥ ቢመታ 4,600 ከሚበልጥ ዙር በኋላ ይደረሳል። ሰንሰለቱ በዚህ ጊዜ ራሱን 1,800 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ እያንዳንዷ መገጣጠሚያ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለቱን መዘውሮች ስትገባና ስትወጣ አራት ጊዜ ትታጠፋለች። እንግዲህ አንዲት ፒን በአንድ መሄጃ ብቻ 7,300 ጊዜ ያህል በቱቦዋ ውስጥ ትፈተጋለች ማለት ነው። የሚፈተጉትም የሰውየውን ክብደትና የዳገቱን ጭነት ተሸክመው ነው።

ዘይት የሚፈለገው እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ በፒንና በቱቦ መካከል፥ ዓይን በማያየው ቦታ። በሰንሰለቱ ውጭ የሚያብረቀርቀው ዘይት ሥራ የለውም፤ አቧራ ይሰበስባል እንጂ። ወጣቱ ሹም የተሳሳተው በዚህ ነው። ዘይቱና የእሳተ ገሞራው አቧራ ሲቀላቀሉ መሣያ ይሆናሉ። ቢላዋ የሚስል ሰው ድንጋዩን የሚያርሰው ለምን እንደ ሆነ የሚያስብ ሁሉ ይህንን ይረዳዋል። ተማሪው ሰንሰለቱን በጥማት ገደለው፤ ሹሙ በጥጋብ ሊገድለው ነው። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብንባል፥ ለሶደሬ መንገድ ሁለቱም አይሻሉም እንላለን።

ሰንሰለት «ተለጠጠ» ሲባል እንሰማለን። ብረቱ አይለጠጥም። ፒኒቱና ቱቦዋ ተበልተው መካከላቸው ይሰፋል፤ ያች ትንሽ ክፍተት 112 ጊዜ ስትደመር ሰንሰለቱ ይረዝማል። ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ቢረዝም፥ ያ 1 ሜትር ከ42 ሳንቲ ሜትር የነበረው ሰንሰለት በ14 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ይህም ከአንድ ሙሉ መገጣጠሚያ ይበልጣል። የረዘመ ሰንሰለት በጥርሱ ጕድጓድ ልክ ስለማይቀመጥ ወደ ላይ እየወጣ ጥርሱን ያሾለዋል። ከዚያ በኋላ ሰንሰለቱን ብቻ መለወጥ አይበቃም፤ አዲሱ ሰንሰለት በአሮጌው ጥርስ ላይ ይዘላል። ወጪው እጥፍ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህንን አስቀድሞ ለማወቅ ከተማሪ ማስመሪያ የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። ሰንሰለቱ ወጠር ብሎ ሳለ ከአንድ ፒን መካከል ጀምሮ 20 መገጣጠሚያ ይቈጠር፤ አዲስ ሲሆን ልክ 25.4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ወደ 25.6 ሲጠጋ ሰንሰለቱን መለወጥ ጥርሱን ያድናል። የተማሪያችንን ሰንሰለት ብንለካው ከ25.7 በላይ ሆኖ አገኘነው። ጥርሶቹም እንደ ዓሣ ጥርስ ሾለው ነበር።

እንግዲህ በስንት ጊዜ? በአስፋልት ላይ፥ በበጋ፥ ብዙ አቧራ በሌለበት የሚሄድ ሰው በየ200 ኪሎ ሜትሩ ቢቀባ ይበቃዋል። አቧራማ መንገድ ላይ የሚሄድ ይህንን በግማሽ ይቀንሰው። ዝናብ የመታው ወይም እንደ እኛ በባልዲ ያጠበው፥ ኪሎ ሜትር ሳይቈጥር በዚያው ቀን ያድርቀው፥ ይቀባውም። ኪሎ ሜትር መቍጠር ለሚያስቸግረው በሳምንት ቀን እንመልስለት። በቀን 8 ኪሎ ሜትር፥ በሳምንት ስድስት ቀን የሚሄድ ሰው በአራት ሳምንት 192 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ በአስፋልት ከሆነ በወር አንድ ቀን ይቀባ። ተማሪያችን ግን በሳምንት 70 ኪሎ ሜትር፥ ያውም ከፊሉን በኮረኮንች መንገድ ስለሚሄድ፥ በየዐሥር ቀኑ ያስፈልገዋል። መሥሪያ ቤቱ በደጁ ያለ ሰውስ? 200 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ቢጠብቅ መንፈቅ ሊያልፍ ይችላል። ዘይት በመቀመጥም ይደርቃል፥ አቧራም ይጠጣል፤ ስለዚህ ቢያንስ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ይመልከተው።

ቍጥሩ መመሪያ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ሽማግሌው «ይናገራል» ያሉትን በጣት መጠየቅ ይቻላል። ቢስክሌቱን አቁመው ሰንሰለቱን በጣትዎ ጫን ይበሉት። ጣትዎ ጥቁር ሊጥ ይዞ ከተመለሰ ሰንሰለቱ የሚፈልገው ዘይት ሳይሆን ጨርቅ ነው። ጣትዎ ደረቅ ሆኖ፥ ወይም ቀይ ዱቄት ይዞ ከተመለሰ ዘይት ዘግይቷል። ቀለል ያለ ግራጫ ቅባት ብቻ ከያዘ እጅዎን ታጥበው ወደ ሥራዎ ይሂዱ። ጩኸቱን ከሰሙ ደግሞ ምርመራው አልቋል፤ ሰንሰለት የሚጮኸው ከተጠማ ሰንብቶ ነው።

አቀባቡን ሽማግሌው እየሠሩ አሳዩን። ከሁሉ አስቀድመው በደረቅ ጨርቅ ሰንሰለቱን ጨብጠው ፔዳሉን ወደ ኋላ እያዞሩ ጠረጉት። እጅግ ለቆሸሸው ጨርቁን በነጭ ጋዝ ነክረው፥ በመገጣጠሚያዎቹ መካከል ያለውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያወጡታል። ጋዙ ወደ መንኰራኵሩ እንብርት እንዳይገባ ይጠነቀቃሉ፤ እዚያ ውስጥ ያለውን ግራሶ አጥቦ ያወጣዋልና። ሲደርቅ ከማያያዣው ይጀምራሉ፤ ማያያዣው መልኩ ከሌሎቹ ስለሚለይ የመነሻና የመድረሻ ምልክት ይሆናቸዋል። በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ አንድ ጠብታ፥ ከዚያ በላይ አይደለም። 112 ጠብታ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ብዙ አይበልጥም! ወጣቱ ሹም ያፈሰሰው ጣሳ ሙሉ ነበር። ጠብታው ካለቀ በኋላ ዘይቱ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ፔዳሉን ደጋግመው ያዞራሉ፤ ቢቻል ሌሊቱን ያሳድሩታል። በመጨረሻም ውጩን ሲነኩት እጅ እስከማያቆሽሽ ድረስ ጠርገው ያነሡታል። ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህንን የመጨረሻውን ነው። ዘይት ቀብቶ መልሶ መጥረግ ብክነት ይመስላል፤ ሥራው ግን ያለው እዚያ ላይ ነው። ፔዳሉን ሲያዞሩ ጣትና የልብስ ጫፍ ከጥርሱ ይራቅ፤ ጥርሱ ጣትን ከጨርቅ አይለይም።

ዘይቱስ የቱ ነው? ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት አይሁን። በውስጡ ጥላሸትና ከሞተሩ የተፋቀ ብረት አለበት፤ መኪናው ጎዳኝ ብሎ የጣለውን ለቢስክሌት ማጉረስ ምን ይባላል? የምግብ ዘይትም አይሁን፤ በተለይ የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው እየወፈረ ሄዶ ሙጫ ይሆናል። ግራሶ ወፍራም ስለ ሆነ ወደ ውስጥ አይገባም፤ አዲስ ሰንሰለት ከፋብሪካው ግራሶ ተቀብቶ የሚወጣው በልዩ ዘዴ ስለ ሆነ ነው፤ እሱንም ቶሎ ማጠብ አያስፈልግም። የስፌት መኪና ዘይት ጥሩ ነው፤ ቀጭን ስለ ሆነ ግን ቶሎ ያልቃል። ያልተሠራበት ንጹሕ የሞተር ዘይት ለክረምት ይስማማል፤ በበጋ ደግሞ አጥብቆ መጥረግን ይጠይቃል። ስለዚያ ደብልዩ ዲ 40 ስለ ተባለው በቆርቆሮ ስለሚነፋ ፈሳሽ ብዙ ሰው ይጠይቀናል። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ አገር ሲሠራ ታስቦ የነበረው ውሃን ከብረት ለማባረር ነው። የረጠበን ሰንሰለት ለማድረቅና ዝገትን ለማላቀቅ ይረዳል፤ ስስ ስለ ሆነ ግን ከእሱ በኋላ እውነተኛ ዘይት ካልተከተለ ሰንሰለቱ ባዶውን ይቀራል። ለሰንሰለት ብቻ ተብለው የሚሠሩ ዘይቶችም አሉ፤ «ደረቅ» የሚባለው ለአቧራ፥ «እርጥብ» የሚባለው ለዝናብ ነው። ያገኘ ይጠቀምባቸው፤ ያላገኘ አይዘን።

አይዘን የምንለው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ጄምስ ስፓይሰር ሰንሰለትን በቤተ ሙከራ መረመረ። ፔዳሉ ከሚሰጠው ኀይል እስከ 98.6 ከመቶ የሚሆነው ወደ ኋላ መንኰራኵር እንደሚደርስ አገኘ፤ በንጹሕ ቤት ውስጥ የዘይቱ ዐይነት ቢለዋወጥ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላመጣም። ስለዚህ አንድ ነጋዴ «ይህ ዘይት ያፈጥናል» ቢል ኪስዎን ይጠብቁ። ነገር ግን በዚያ ቤተ ሙከራ ውስጥ የመልካሳ አቧራ አልነበረም። ዘይት ለፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ብረቱ እንዳይበላና እንዳይዝግ ነው። ይህ ደግሞ በአንድ ቀን ሙከራ ሳይሆን በወራት ይታያል።

ዘር ቈጥረን እንናገር ከተባለ፥ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ከሯጮቿ ጋራ ቢስክሌተኞችም ልካ ነበር። ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር 24ኛ ወጥቷል፤ ቡድኑም 9ኛ ሆኗል። ከ60 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በእንደዚያ ባለ ውድድር ሠራተኞች በየማታው ቢስክሌቱን አጥበው፥ አድርቀው፥ ሰንሰለቱን ቀብተው ያሳድሩታል። ያ ለእኛ አይሆንም፤ የሚያጥብልን ሠራተኛ የለንምና።

ለተማሪው አዲስ ሰንሰለትና አዲስ የኋላ ጥርስ ተገዛለት፤ ዋጋውን ለሦስት ተካፈልነው። ሽማግሌው ማያያዣውን ሲገጥሙ የቁልፏ ድፍን ጫፍ ሰንሰለቱ ወደሚሄድበት አቅጣጫ፥ ክፍቱ ወደ ኋላ መሆን እንዳለበት ለልጁ ሦስት ጊዜ አሳዩት፤ በተቃራኒው ከተገጠመች አንድ ነገር ሲነካት ተስፈንጥራ ትወጣለች። ልጁም እርሳሱን አውጥቶ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ቀኑን ጻፈ፤ ከሥሩም ዐሥር ቀን ቈጥሮ ሌላ ቀን ጻፈ።

ወጣቱ ሹም ከእኛ ጋራ ቆሞ ይህንን ሁሉ ሰምቷል። ሲለያየን፥ «ለመሆኑ ያንን የቀረውን ዘይት ምን ላድርገው?» ሲል ጠየቀን። ግማሽ ጣሳ ተርፎት ኖሯል። ወደ ጋራዡ እንዲመልሰው መከርነው፤ ሱሪው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀም።